ከባሕር ሣሩ ጆንያ ግርጌ

ነገሌ ቦረና
የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ዲቦራ፣

«እንደምን ከርመሻል፣ እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ጡረታ እስክወጣ በጽሕፈት ቤት የሰው ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በልማድ በሚጻፍ ቃል ውስጥ ስንት ውሸት እንደሚያድር አውቃለሁ። እኔ ደህና አይደለሁም። አባትሽም ደህና አይደለም። ዓሦቹ ግን ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከእኛ የተወሰደው ጤና ለእነሱ የተሰጠ ይመስለኛል። ስለዚህ ከእነሱ ልጀምር።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩንማ አየነው! አንቺ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል እማዬ» ትያለሽ፣ እኔ «እሺ በይ፣ እንዳይቆጥርብሽ» እላለሁ፣ አለቀ። የሚቆራረጠው የራስሽ ድምፅ መሆኑ እናትሽን የሚጠፋት መስሎሽ ነው? ይህን ወረቀት ለሾፌሩ ለዓብዱልመጂድ እሰጠዋለሁ። ጆንያሽን ከሞያሌ ተቀብሎ በሜጋ አድርጎ እስከ ደጃችን የሚያመጣ ሰው አንዲት ፖስታ አትከብደውም። ከሞያሌ ወዲያ በማን እንደሚልከው እሱ ያውቅበታል።

አምና ዓሦቻችን፣ ቆሮሶዎቹ፣ እንዴት እንደነበሩ በስልክ እያለቀስኩ ነግሬሻለሁ። ክንፋቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያበቅላል፣ ጎናቸው ይቆስላል፣ በየማለዳው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፈው እናገኛቸዋለን። አባትሽ በመምህርነት ያፈራውን ሁሉ እዚያ ሁለት ኩሬ ውስጥ ከትቶ፣ ዓሣ በሞተ ቁጥር እሱም አብሮ ትንሽ ይሞት ነበር። አንቺ ነሽ ከባሕሩ ዳርቻ ሆነሽ «እኔና የሰፈሩ ሴቶች በገመድ ላይ የምናበቅለው የባሕር ሣር አለ፤ አድርቀን ፈጭተን እልክላችኋለሁ። ከምግባቸው ጋር በትንሽ በትንሹ ሲደባለቅ ሥጋ ያስይዛቸዋል፣ በሽታ የሚመክቱበት አቅም ይሰጣቸዋል» ያልሽው። እኔ ሳቅሁ። ኬንያ የበቀለ ሣር የነገሌን ዓሣ ያድናል ብሎ ማን ያምናል? አባትሽ ግን ሐዋሳ ተምረሽ የመጣሽውን ሁሉ እንደ ወንጌል ነው የሚቀበለው። በጣሳ እየለካ ከፉርሽካውና ከፋጉሎው ጋር ማሸት ጀመረ።

ሠራ፣ ልጄ። ቁስሉ ደረቀ፣ ጥጡ ረገፈ፣ መሞቱ ቀረ። አሁን የአንዳንዱ ጎን የአባትሽን መዳፍ ይበልጣል። የከተማው ሆቴሎች ለዐቢይ ጾም ካሁኑ ይዘውልናል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቄሶቹና ሆዳሞቹ ይጨርሱት፤ እኛ እንደሆን ሻጮች ነን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ጆንያ የተፈታ ቀን አንድ ነገር አብሮ ወደ ቤቴ ገባ፤ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ከጆንያው የወጣውን ሽታ ግን ወዲያው አወቅሁት። ወንድምሽ ከኳስ ሜዳ መጥቶ ሳይታጠብ ሲጠመጠምብኝ የሚሸተኝ ነው፤ ጨው፣ ላብ፣ እርጥብ ሸሚዝ። ጣቴን ሰድጄ ቀመስኩት። አባትሽ «ምን እያደረግሽ ነው?» ቢለኝ «ጨውነቱን እያየሁ ነዋ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽታው ከልብሴ አልለቀቀም፤ ባጥበው ባጥበው ያው ነው። ኢያሱ ሲተኛበት የነበረውን ክፍል ስከፍት እንኳ፣ ጆንያ ገብቶበት የማያውቀውን ክፍል፣ እሱው ነው የሚቀበለኝ።

በዚያው ባሕር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር ተሳፍሮ ጀልባዋ ከጠፋች እነሆ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ «ፈልጌው እመጣለሁ» ብለሽ ወረድሽ። ፍለጋው ሥራ ሆነብሽ፣ ሥራው ኑሮ ሆነብሽ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ አንቺንም እዚያው አስቀረሽ። እኔ ደግሞ እዚህ፣ አየሁት የሚል ሰው እስኪመጣ ልጄ አልሞተም ብዬ ለቅሶ ከለከልኩ። ድንኳን አልተጣለም፣ ፍትሐት አልደረሰም፣ ተዝካር አልወጣም። ሰው ስሙን መጥራት ፈራ። «የኢያሱ እናት» ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶቼ ሁሉ «ወይዘሮ ወለተሐና» ማለት ጀመሩ፤ እንደ እንግዳ። እስከ ዛሬ በኦሮምኛ «ሃዳ ኢያሱ»፣ የኢያሱ እናት፣ የሚለኝ ዲዳ የሚባለው ዘበኛችን ብቻ ነው።

ዲዳን አንቺ አታውቂውም። ከብቱን በድርቁ የጨረሰ የሊበን ቦረና ሽማግሌ ነው፤ አባትሽ ኩሬዎቹን እንዲጠብቅ ቀጠረው። መጀመሪያ ዓሣ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ይተፋ ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ዓሣ መብላት ነውር ነው። አሁን ግን ትልልቆቹን በከብቶቹ ስም ይጠራቸዋል። አንዷን ቡሬ ይላታል። «ቡሬ ዛሬ ከስታለች» ይለኛል፤ ለእኔ ዓይን ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

ለምን በየማለዳው ኩሬ ዳር እንደምገኝ ታውቂያለሽ? ሰው ወለተሐና በእርጅናዋ ትጉህ ገበሬ ሆነች ይላል። ይበል። መርዶ የሚመጣው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ በር አንኳኩተው። በማለዳ ቤቱ የሌለን ሰው ማን ያረዳዋል? ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ፣ የሰፈሩ ሰው ወደየሥራው ከተበተነ በኋላ እመለሳለሁ። ዓሦቹ ጧት ጧት ሳይዛነፍ ምግባቸውን ያገኙት በእኔ ሽሽት ነው። የወፈሩትም ገሚሱ በሣርሽ ነው፣ ገሚሱ በፍርሃቴ።

ገና ስቀርብ ውሃው ይታመሳል። ሁሉም እኔ ወዳለሁበት ዳር ይሰበሰቡና አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ፊት እንዲህ አልነበሩም። አንድ ቀን ከወዲያኛው ዳር ፉጨት ሰማሁ፤ ኢያሱ ደጅ ሲደርስ በር እንድንከፍትለት የሚያፏጫት ያቺው። እጄ ላይ የነበረው ጣሳ ወደቀ። ዞሬ ሳይ ዲዳ ብቻ ተቀምጧል። «አንተ ነህ ያፏጨኸው?» ስለው ድዱን አሳየኝ፤ «ሃዳ ኢያሱ፣ ጥርስ የለኝ፣ በምኔ አፏጫለሁ?» አለ። ሳቅን።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንቺ ልጻፈው። ባሕሩ የበላውን ሣሩ ይበላዋል። ሣሩን ዓሣው ይበላዋል። ዓሣውን ደግሞ ከተማው ሊበላው ነው፤ ሎሚ ጨምቆበት። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አባትሽ «መረቡን እናውጣ፣ ጾሙ ደረሰ» ባለ ቁጥር «ገና ጫጩት ናቸው» እለዋለሁ። ጫጩት! አንዱ ሲገለበጥ ውሃው ጉልበቴ ድረስ ይረጨኛል። አባትሽ ያየኝና ዝም ይላል። የእሱ ዝምታም የራሱ ጉድ እንዳለበት ያኔ አላወቅሁም።

በገና ሰሞን ደውለሽ ከእሱ ጋር ለብቻው አወራሽ። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «ምን አለች?» ስለው «ስለ ሣሩ አለካክ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው እሱ ይፈታዋል፤ ክንዱን እስከ ትከሻው ነክሮ ግርጌውን ይዳብሳል። እርጥበት ገብቶት እንደሆነ የሚያይ መስሎኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ጆንያ ሲመጣ እሱ ለውሃ መሳቢያው ሞተር ነዳጅ ፍለጋ ከተማ ነበር። ዓብዱልመጂድ ኩሬው ዳር አውርዶት ሄደ። ዲዳ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያ የጣሳ ልኬታ አይዋጥለትም። በሜጋ መንገድ ካለው የሶዳ ጉድጓድ የሚወጣውን ጥቁር ጨው ለከብት ሲሰጥ ያደገ ሰው ነው። ከብት ጨው ወዳለበት ይወሰዳል፣ እስኪበቃው ይልሳል፣ ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ጊዜ አለቀ። ጨው በማንኪያ የሚሰፍር ንፉግ ብቻ ነው። እና ለጾሙ ገበያ እንዲያምሩለት ብሎ፣ በፍቅር፣ ጆንያውን ሙሉ ትልቁ ኩሬ ውስጥ ገለበጠው።

ስደርስ ውሃው አተላ መስሏል። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። ዲዳ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። «ሶጊዳ፣ ጨው ነው ብዬ እኮ ነው! ሶጊዳ ከብት ይገድላል እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ያን ጊዜ አባትሽ ደረሰ። እኔ ይቆጣዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ዓሦቹ ሳያይ ባዶውን ጆንያ ከመሬት አነሳና ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው። ግርጌው ላይ አንድ የተበጠሰ የስፌት ክር ተንጠልጥሏል። ክሩን በጣቱ ይዞ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ ነገር አልወደቀም?» አለ ዲዳን። «ከሣሩ ጋር፣ ትንሽ ነገር፣ ጨርቅ የመሰለ?»

ዲዳ እኔን አየኝ። «ሣር ብቻ ነው» አለ።

አባትሽ ሞተሩን ሊያስነሳ ሮጠ። ዲዳ ያኔ ከጥምጣሙ እጥፋት ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ጥቅል አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ፤ ሲገለብጠው መጀመሪያ ብቅ ያለው እሱ ነበር። «ገልጬ አይቼዋለሁ፤ ይሄ የናንተ ሰዎች አንገት ላይ የሚውለው ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅ የለበሰው ነገር ለእናት ነው የሚሰጥ። ለዚህ ነው ለሱ ያልነገርኩ።»

የሸኘሁሽ ቀን የሰጠሁሽ ነጠላ ጥለት ነው፤ ጫፉን ቀደሽዋል። ሲፈታ ማተቡ ወጣ።

እንዲህ ያለ ክር ከገመዳችሁ ተቆርጦ ይወድቃል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ጥቂት እርምጃም አልሄደልኝም። ኢያሱ ሲሄድ አሮጌው ማተቡ አልቆ ነበርና እኔው ነኝ የገመድኩለት። ጥቁሩ ክር አልበቃ ብሎኝ ከሹራቤ ሰማያዊ መዝዤ ቀላቀልኩበት፤ «እማዬ፣ የኳስ ቡድን አስመሰልሽኝ» ብሎ ቀለደብኝ። ጫፉን ሁለቴ አጥፌ የቋጨሁት ቋጠሮ እንዳለ ነው። ባሕሩ ሊፈታው አልቻለም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ሲሉ ተረቱ ያስጠላኝ ነበር፤ ክሩን ስለካው ግን ምንኛ ጠባብ አንገት ነበረው የኔ ልጅ።

የኩሬውን ውሃ ገሚሱን አፍስሰን፣ ንጹሕ ውሃ ለቀን ዓሦቹን አዳንናቸው፤ ጥቂት ብቻ ሞቱ። አልጮኽኩም። ማተቡን ጡቴ ሥር ከተትኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አሁን አባትሽን ብታዪው። ውሃው በጎደለው በኩል ሱሪውን ጠቅልሎ ይገባና ጭቃውን በወንፊት ያበጥራል፤ ጧት ያበጥራል፣ ከሰዓት ያበጥራል። «ምን ፈልገህ ነው?» ስለው «የዓሣ እንቁላል እያየሁ ነው» ይለኛል። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ እንደምትይዝ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው! የንስሐ አባታችን ምልክት ሳያዩ ፍትሐት አያደርሱም፤ ሽማግሌዎችም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ማተቡ ሲጠፋበት አባትሽ ልጁን እንደገና ያጠፋው ይመስለዋል፤ በዚህ በኩሬው ውስጥ፣ በገዛ እጁ። እኔም ጡቴ ሥር ይዤ ዳር ቆሜ አየዋለሁ። መንገር አልችልም። ከነገርኩት አብቅቷል፤ ኢያሱ ሞቷል።

ትናንት ዲዳን ዓሣ መሸጡን እንደፈራሁ ነገርኩት፤ ለምን እንደፈራሁም ጭምር። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። «በድርቁ ከብቶቼ ያለቁበት ቦታ ዝናብ ሲመጣ ሣሩ ከሌላው ቦታ በለጠ» አለኝ። «የተረፈችኝ አንዲት ጊደር ወደዚያ ሄደች። ልከለክላት ዱላዬን አነሳሁ። አልቻልኩም። ርቧታል፣ ሃዳ ኢያሱ። ወተቷን የልጅ ልጆቼ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። እያለቀስኩ ነው የጠጣሁ፣ ግን ጠጣሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ ዓሦቹ ይሸጡ ብዬ ወስኜ ነበር። ሌላውንም ነገር ወስኜ ነበር።

ልጄ፣ ስለ አንቺ ነው አሁን። እንዴት እንዳገኘሽው በወረቀት አልጠይቅሽም። አፈር ለብሷል ወይስ ውሃ? ለብቻሽ ነው ያየሽው? ማን ደገፈሽ? ይህን ስትመጪ ትነግሪኛለሽ፤ ሁሉንም፣ ሳትቀንሺ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለሽ፣ እናቴን ሽማግሌ ይንገራት ብለሽ፣ ወንድምሽን በነጠላዬ ጠቅልለሽ በሣር ውስጥ ላክሽው። ደግ አደረግሽ። ከዚህ በላይ ማን ያደርጋል? ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ተሸክመሽ «ኔትወርኩ ነው» ስትዪኝ፣ እኔ ደግሞ በመቆራረጡ ስናደድ፣ ይቅርታሽን ሳይሆን እግርሽን ነው መሳም ያለብኝ።

ነገ ማለዳ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኩሬው እሄዳለሁ። አባትሽ ዛሬ ያላበጠረው አንድ ጥግ አለ፤ ከዋርካው ሥር። ማተቡን ስሜ፣ በጥለቱ እንደነበረ ጠቅልዬ፣ ጭቃው ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ጥልቅ አይደለም፣ ወንፊቱ በሚደርስበት። ከዚያ ዲዳ ጎን ቁጭ ብዬ ዓሦቹን እያበላሁ እጠብቃለሁ። ሲያገኘው አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ያልቅስ፣ ብቻውን፣ የፈለገውን ያህል።

በማግስቱ የትም አልሄድም። ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ ከአልጋዬ ላይ ያገኙኛል፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው እጮሃለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ፣ አባትሽ ይይዘኛል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ዲቦራ። ቀድሜ ማወቄን እንዳትነግሪው፤ እኔ ሞቼም ቢሆን። ከገና ጀምሮ ይህን ሸክም ለእኔ ሲል ብቻውን ተሸክሟል፤ እሱ ራሱ ያራግፈው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው ብሎ ይመን። ለሃምሳ ዓመት ትዳር ይህ አይበዛበትም።

ወረቀቱ እስኪደርስሽ እሱ ይደውልልሻል፤ እንደ አዲስ ስሚው። ከዚያ ጓዝሽን ሰብስቢና ነዪ። ሣሩን ሌሎቹ ሴቶች ይላኩልን፤ ዋጋውን እንከፍላለን። ባሕሩ ሲሸሽ ተከትለሽ የምትገቢበት እግርሽን እመብርሃን ከስንጥርም ከጥልቁም ትጠብቅልኝ። አብራችሁ ገመድ የምትዘረጉትን ሴቶች እጃቸውን ትባርክ። የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ይኸው፣ «የወንድምሽን ነፍስ» ብዬ ጻፍኩት። እጄ አልደረቀም።

እናትሽ
ወለተሐና